ፕሮግራም “ብቻ” ከሆነ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ፊንላንድኛ ከለመድኩ ጀምሮ ልቤን የያዘ አንድ ጉዳይ አለ። የሶፍትዌርና የፓተንት ሕግ (ፈጠራን ሌላው ያለ ፈቃድ እንዳይጠቀምበት የሚጠብቀው ሕግ) ቃላት ከእንግሊዝኛ ወደ ፊንላንድኛ ሲሻገሩ ምን ይሆናሉ?

ሰው መጀመሪያ የሚፈራው ትልልቆቹን ቃላት ነው። ፊንላንዶች ግን የእነሱን ነገር ከጨረሱ ቆይተዋል። ኮምፒውተር “ቲየቶኮኔ” ነው፦ ቲየቶ እውቀት ወይም መረጃ፣ ኮኔ ማሽን። ሶፍትዌር “ኦህዬልሚስቶ” ነው። ኦህዬልማ ፕሮግራም ማለት ሲሆን መጨረሻው ላይ ያለችው “ስቶ” ስብስብን ታሳያለች። መጽሐፍን ቤተ መጻሕፍት የምታደርገውም እሷው ናት። እንዴት ደስ ይላል!

ጣጣው ያለው ትንንሾቹ ላይ ነው። የፓተንት ልቡ ፈጣሪው “ይህ የኔ ነው” የሚልበት የይገባኛል ክፍል ነው። እንግሊዝኛው መጀመሪያ “አንድ ፕሮሰሰር” ይላል፣ ቀጥሎ “ፕሮሰሰሩ”። እኛም እንዲሁ እንለያለን። ፊንላንድኛ ግን ለዚህ ምልክት የለውም። ስለዚህ ተርጓሚው “ማይኒቱ” ይላል፣ “የተጠቀሰው” ማለት ነው። የተጠቀሰው ፕሮሰሰር፣ የተጠቀሰው ሜሞሪ፣ የተጠቀሰው ሲግናል… ማንበቡ ያደክማል። ግን አንዷ “የተጠቀሰው” ከጎደለች ያው ፕሮሰሰር ነው ወይስ ሌላ? ክርክር ይነሳል። “ያካትታል” እና “ከነዚህ ብቻ የተሠራ ነው” የሚሉትም እንደዚሁ ናቸው። ሁለተኛውን ከጻፍክ ተፎካካሪህ አንድ ክፍል ጨምሮ ሊያመልጥ ይችላል።

ይህ የቋንቋ ቅንጦት አይደለም። ፊንላንድ ውስጥ በሥራ ላይ የዋለ የአውሮፓ ፓተንት ትርጉሙ ከዋናው ጋር ካልገጠመ፣ ጥበቃ የሚያገኘው በሁለቱም ጽሑፎች ውስጥ ያለው ብቻ ነው። ተርጓሚው ያጠበበው መብት ጠቦ ይቀራል።

አሁን ወደምወዳት ቃል ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ1973 ሙኒክ ላይ የተፈረመው የአውሮፓ ፓተንት ስምምነት፣ አንቀጽ 52፣ የኮምፒውተር ፕሮግራም “እንደ ፕሮግራምነቱ” ፈጠራ አይባልም ይላል። ይህች ሐረግ ስንት ጠበቃ አከራክራለች! የፊንላንድ የፓተንት ሕግ ግን “አይኖአስታን” ይላል። “ብቻ” ማለት ነው። ፕሮግራም ብቻ የሆነ ነገር ፈጠራ አይደለም። በአሠራር ሁለቱም ወደ አንድ ጥያቄ ያመራሉ፦ ከፕሮግራሙ በላይ ቴክኒካዊ ውጤት አለ ወይ? ቢሆንም የፊንላንዱ ይሻለኛል። ጠበቃ ያልሆነ ሰውም ሲያነበው “ታዲያ ሌላ ምን አለበት?” ብሎ ይጠይቃላ። ትክክለኛው ጥያቄ ደግሞ እሱ ነው።

ነገሩ የሕግ ባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ እንዳልነበረ እ.ኤ.አ. 2005 ላይ ታይቷል። የአውሮፓ ኮሚሽን “በኮምፒውተር የሚተገበር ፈጠራ” በሚል ስም ያቀረበውን ረቂቅ ብዙ ፕሮግራመሮች የሶፍትዌር ፓተንት ብለው ተቃወሙት። ሊኑክስ የተባለውን የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና ሄልሲንኪ ተማሪ ሳለ የጀመረው ሊኑስ ቶርቫልድስም አንዱ ነበር። ሐምሌ ላይ የአውሮፓ ፓርላማ በ648 ለ14 ድምፅ ጣለው።

የሚያሳስበኝ አሁን ያለው አካሄድ ነው። ፊንላንድ ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የይገባኛሉ ክፍል በፊንላንድኛ ይሁን፣ ማብራሪያው ግን በእንግሊዝኛ ይብቃ ብላለች። ይህንን እቀበላለሁ፣ ወጪው ከባድ ነው። ከሰኔ 2023 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ግን በአንድ ጊዜ በብዙ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚሠራው ነጠላው የአውሮፓ ፓተንት አለ። እሱ አንድም የፊንላንድኛ መስመር ሳይኖረው ፊንላንድ ውስጥ ሊጸና ይችላል። ሙሉ የፊንላንድኛ ትርጉም የግድ የሚሆነው ክርክር ከተነሳ በኋላ፣ ጥሰሃል የተባለው ሰው ሲጠይቅ ነው። ያኔ ኦውሉ ከተማ ያለው ፊንላንዳዊ ፕሮግራመር ኮዱን ጽፎ ጨርሷል። እኔ ቢያንስ የይገባኛሉ ክፍል በፊንላንድኛ ይውጣ፣ ሕጋዊ ጉልበትም ይኑረው እላለሁ። የማታልፈው አጥር የት እንዳለ ከመከሰስህ በፊት በቋንቋህ ማንበብ መብትህ መሆን አለበት።