ከመርፌው በፊት ያለች ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ የማወራችሁ በየቀኑ በእጄ ስለሚያልፍ አንድ ትንሽ ብልቃጥ ነው። በውስጡ ነጭ፣ ወደ ቢጫነት የሚያደላ ዱቄት አለ፤ ስሙም ሴፍትሪያክሶን ይባላል፤ ባክቴሪያን የሚገድል፣ በመርፌ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ነው። በምሥራቅ ጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ ራቅ ብሎ በሚገኝ ጤና ጣቢያ በነርስነት ሳገለግል ይህን ብልቃጥ ስንት ጊዜ ከፍቼ እንደበጠበጥሁ መቁጠር አልችልም። ሆኖም ይህ መድኃኒት ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚፈልግ የተማርሁት ከመማሪያ ክፍል ይልቅ ከአንድ ገበሬ አፍ ነው።

ወቅቱ ታኅሣሥ፣ የጤፍ ውቂያ ጊዜ ነበር። ሰውየው የሳንባ ምች ይዞት በልጁ ተደግፎ መጣ። ትእዛዙ ተጽፎለታል፤ እኔም ዱቄቱን በጥብጬ፣ መርፌውን ስቤ፣ አየሩን አስወጥቼ ጨርሻለሁ። እንደ ልማዴ «አለርጂ አለብህ?» ብዬ ጠየቅሁት። «የለብኝም እህትዓለም» አለኝ። ክንዱን በአልኮል እየጠራረግሁ ሳለሁ ግን፣ ለወሬ ያህል ብሎ፣ «ባለፈው ዓመት ለጉሮሮዬ ሲወጉኝ ከንፈሬ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሮኝ፣ ሞቼ ነበር እኮ የተነሣሁት» አለ። እጄ በአየር ላይ ቀረ።

ሰውየው አልዋሸኝም። «አለርጂ» የሚለው ቃል ለእርሱ ምንም አልነበረም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የጠየቅሁት እርሱ በማያውቀው ቃል ነበርና። ከዚያ ቀን ወዲህ እንዲህ እያልሁ እጠይቃለሁ፤ «ከዚህ በፊት መርፌ ተወግተህ ወይም ክኒን ውጠህ አልስማማህ ያለ ነገር አለ? ሰውነትህን አሳክኮህ ያውቃል? ሽፍታ ወጥቶብህ፣ ፊትህ አብጦ፣ ትንፋሽህ ተቆርጦ ያውቃል?» ይህ ጥያቄ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም። የሚገርመው፣ «አለርጂ የለብኝም» ካሉ በኋላ በዚህኛው ጥያቄ «አዎ፣ እንዲያማ ሆኜ ነበር» የሚሉ ሰዎች ብዙ መሆናቸው ነው።

ገበሬው ለጉሮሮው የተወጋው የፔኒሲሊን ወገን ሊሆን ይችላል። ሴፍትሪያክሶን ደግሞ ከፔኒሲሊን ጋር የሩቅ ዘመድ ነው፤ ሁለቱም በውስጣቸው ቤታ ላክታም የሚባል ተመሳሳይ የኬሚካል ቀለበት አላቸው። ፔኒሲሊን ቀለል ያለ ሽፍታ ያወጣበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሴፍትሪያክሶንን ያለ ችግር ይወስዳል። እንደዚያ ገበሬ ከንፈሩ ያበጠና ትንፋሹ ያጠረ ሰው ሲሆን ግን ነገሩ ለሐኪሙ ተነግሮ፣ ሌላ መድኃኒት መኖር አለመኖሩ መታየት አለበት። በራሱ በሴፍትሪያክሶን ወይም የቅርብ ዘመዶቹ በሆኑ መድኃኒቶች እንዲህ ሆኖ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ፈጽሞ ሊወጋው አይገባም። ለገበሬው ሐኪሙን ጠርቼ መድኃኒቱ ተቀየረለት።

ክፉው አለርጂ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በደቂቃዎች ውስጥ ነው። ስለዚህ ታካሚው ከተወጋ በኋላ ለግማሽ ሰዓት ያህል ከአግዳሚው ላይ እንዲቀመጥ እለምናለሁ። በትሪዬ ላይም ይህን አለርጂ የሚያክመው አድሬናሊን ሳይኖር አንድም መርፌ አልስብም፤ እንዲህ ያለ ነገር ከተነሣ ለአዋቂ ሰው ግማሽ ሚሊ ግራም በጭኑ ጡንቻ ወዲያውኑ መወጋት አለበትና። ውቂያ ያለበት ሰው ግማሽ ሰዓት መቀመጥ እንደሚከብደው አውቃለሁ፤ አውድማው ላይ የተሰጣው ጤፍ ዝናብ እንዳይመታው ልቡ እዚያው ነው። ቢሆንም እለምናለሁ።

ሰው ይህን መርፌ የሚወድበት ምክንያት አለው። ክሪስታሊን ፔኒሲሊን በቀን ብዙ ጊዜ መወጋትን ሲጠይቅ፣ ሴፍትሪያክሶን ግን በደም ውስጥ ወደ ግማሽ ለመውረድ 8 ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅበት ለአብዛኛው በሽታ በቀን አንድ ጊዜ ይበቃል። ሁለት ሰዓት በእግሯ ተጉዛ ለምትመጣ እናት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ማጅራት ገትር ሲሆን ግን ለአዋቂ ሰው 2 ግራም በየ12 ሰዓቱ ይሰጣል፤ ያ ደግሞ ተኝቶ መታከምን ይጠይቃል።

ይኸው ምቾቱ ግን አለቦታው እንዲገባ አደረገው። «ደህና መርፌ ስጭኝ» ይሉኛል፤ ክኒን ብቻ ይዞ የሄደ ሰው ያልታከመ ይመስለዋል። አልፈርድባቸውም፣ ሕመም ሲበረታ ሰው ፈጥኖ የሚያሽር ነገር ይፈልጋል። ነገር ግን ጉንፋንን የሚያመጣው ቫይረስ ነው፣ ሴፍትሪያክሶን ቫይረስን አይነካም። ከዓባይ በረሃ ቆላ ወጥቶ በትኩሳት የሚንቀጠቀጥ ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው የወባ የደም ምርመራ ነው፤ መርፌው የወባን ተሕዋስ አይገድልም፣ ጊዜውን ብቻ ይበላበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 በፈረንጆቹ አቆጣጠር አንቲባዮቲኮችን በሦስት ሲመድብ ሴፍትሪያክሶንን ያኖረው በጥበቃ ሥር ሊያዙ ከሚገባቸው መካከል ነው፤ ባክቴሪያዎች እየለመዱት ከሄዱ ለማጅራት ገትርና ለደም መመረዝ የምንይዘው መሣሪያ ይዶለዱማልና።

አሁን ደግሞ በጣም ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። በእኛ አገር በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ሁሉ «ግሉኮስ» ይባላል። ከረጢቶቹም ከሩቅ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ውሃ የመሰለ ፈሳሽ የያዘ፣ ጥርት ያለ ላስቲክ። በአንዱ ላይ ግን ሪንገር ላክቴት ተብሎ ተጽፏል፤ በውስጡም ካልሲየም አለ። ሴፍትሪያክሶን ከካልሲየም ጋር ሲገናኝ እንደ ደቃቅ አሸዋ ይረጋል። ስለዚህ በሪንገር አይበጠበጥም፣ ሪንገር በሚወርድበት መስመርም አብሮ አይሰጥም። በትልቅ ሰው መስመሩ በሚገባ ኖርማል ሳላይን በሚባለው የጨው ውሃ ታጥቦ አንዱ ከሌላው በኋላ ሊሰጥ ይችላል። ዕድሜው ከ28 ቀን ያልበለጠ ጨቅላ ግን በደም ሥር ካልሲየም እየወሰደ ወይም የሚወስድ ከሆነ ይህን መድኃኒት ጨርሶ ማግኘት የለበትም፤ በሳንባና በኩላሊታቸው ውስጥ ያ ደለል ተገኝቶ የሞቱ ሕፃናት ተመዝግበዋል። ዐይኑና ቆዳው ቢጫ የሆነ ጨቅላም እንዲሁ ነው፤ መድኃኒቱ ቢጫውን ንጥረ ነገር በደም ውስጥ ከተጣበቀበት ፕሮቲን ላይ ስለሚያስለቅቀው ወደ አንጎል ሊደርስበት ይችላል።

ለዚህ ነው ከረጢት ከመስቀሌ በፊት ጽሑፉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሬ የማነበው። አንዲት ወጣት ባልደረባዬ አንድ ቀን «እህቴ፣ ዛሬም ታነቢያለሽ?» አለችኝ። አዎ፣ ዛሬም አነባለሁ።

ሌላም በቅርብ የሚታይ ነገር አለ። በጡንቻ ሲሰጥ መርፌው ክፉኛ ስለሚያም ዱቄቱ ሊዶካይን በሚባል ማደንዘዣ ይበጠበጣል፤ ሊዶካይን የገባበት ግን በምንም መንገድ በደም ሥር አይሰጥም፣ ልብን ሊያውክ ይችላልና። በደም ሥር የሚሰጠው ለመርፌ በተዘጋጀ ንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ ነው፤ እሱም በዝግታ በደቂቃዎች ይገፋል፣ መጠኑ ከፍ ሲል ደግሞ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ይንጠባጠባል። በተለይ የምፈራው ብልቃጡን ገዝተው ወደ ሰፈር ወስደው ለሚያስወጉ ሰዎች ነው። ቤት ውስጥ ማን በምን እንደበጠበጠው፣ ሲሪንጁ አዲስ ይሁን አይሁን፣ አድሬናሊኑ የት እንዳለ የሚጠይቅ የለም።

የታዘዘውን ቀን ስለ መጨረስም አንድ ነገር ልበል። አንዲት እናት ልጇን ለሰባት ቀን ታዝዞለት ሦስቱን ቀን አመጣችው። በአራተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቆት መጫወት ስለጀመረ ቀረች፤ ሰብሉም አልተሰበሰበም ነበር። ደግነቱ በስልክ አግኝተናት በማግስቱ መጣች። ስትገባ አፍራ ነበርና፣ «እማማ፣ መምጣትሽ ይበቃል» አልኋት። ከዚያ ወዲህ በመጀመሪያው ቀን ካርዱ ላይ ቀኖቹን አንድ በአንድ እጽፍና፣ በሰፈራቸው አቅራቢያ የሚወጋ ባለሙያ ያለበት ጤና ተቋም እንዳለ አብረን እንፈልጋለን። መርፌው ሊቆም ወይም በክኒን ሊተካ ይችል እንደሆነ የሚወስነው ሐኪሙ እንደሆነም እነግራቸዋለሁ። ከመርፌው በኋላ ብርቱ ተቅማጥ ቢጀምራቸው፣ ሳምንታት አልፈው እንኳ ቢሆን፣ ተመልሰው እንዲነግሩኝ አደራ እላለሁ፤ አንዳንዴ አንቲባዮቲኩ የአንጀትን ጤናማ ባክቴሪያ ሲጠርግ የሚመጣ ነውና።

ያ ገበሬ ሲሻለው ሄደ። ስንሰናበት በአንድ ወረቀት ላይ ምን ሆኖ እንደነበር፣ በጉሮሮው ጊዜ የተወጋውም የፔኒሲሊን ወገን ሊሆን እንደሚችል በጉልህ ጽፌ ሰጠሁት። ልጁ ማንበብ ስለሚችል ሁለት ጊዜ አስነበብሁት። ሰውየውም ወረቀቱን አጣጥፎ በጋቢው ጫፍ ቋጠረው፤ ቋጠሮውንም በጥርሱ አጠበቀ።