«ቲቸር፣ አይ ኬም!»፦ የልጆችን ቴንስ ከአማርኛው መፈለግ

[ምስል፦ አራት ኪሎ፣ ጠዋት። ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች መንገድ ይሻገራሉ።]

ጤና ይስጥልኝ።

አንዲት የሦስተኛ ክፍል ልጅ ቤቷ እየሄድኩ አስጠና ነበር፤ እዚሁ አራት ኪሎ አካባቢ። አንድ ቀን ከደብተሯ ቀና አለችና «ቲቸር፣ አይ ኬም!» ብላኝ ብድግ። ወደ ሽንት ቤት ሮጠች።

«መጣሁ» ማለቷ ነው። ገና ሳትሄድ መጣች።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። በኋላ ሳስበው ግን ልጅቷ ምን አጠፋች? ሁላችንም እንደዚያው ነን። ካፌ ገብታችሁ አስተናጋጁን ስትጠሩት «መጣሁ!» ይልና ወደ ሌላ ጠረጴዛ ይሄዳል። ከወንበራችን ሳንነሳ «በቃ፣ ሄድኩ» እንላለን። «ደከመኝ»፣ «ራበኝ»፣ «ገባኝ»፣ ቅርጻቸው ሁሉ የኃላፊ ጊዜ ነው፤ ረሃቡ ግን አሁን ነው። ልጅቷ የአማርኛውን ቅርጽ አየች፣ በታማኝነት ገለበጠችው። የ«ካም» ኃላፊ ጊዜ «ኬም» መሆኑን እንኳ አልሳተችም።

ስለዚህ ይህ ቪዲዮ ለወላጆችና ለአስጠኚዎች ነው። የምለውም አንድ ነገር ነው፦ ልጁ ቴንስ ሲሳሳት ስህተቱን ከአማርኛው ፈልጉት። ብዙ ጊዜ እዚያው ተቀምጦ ታገኙታላችሁ።

[ምስል፦ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ባለ 12 ሳጥን ሰንጠረዥ።]

ይህን ሰንጠረዥ ታውቁታላችሁ። አሥራ ሁለቱ ቴንሶች፣ በቀለም በቀለም። እኔ ለትንሽ ልጅ አልወደውም። «ፊውቸር ፐርፌክት ኮንቲኒየስ» የሚለውን ስም ጠርቶ ሳይጨርስ ልጁ ይደክመዋል። ደግሞም እንግሊዝኛ በግሱ አካል ላይ የሚያሳየው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ የአሁኑንና ያለፈውን። የቀረው በረዳት ግስ የሚገጣጠም ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ አድርጎታል። ልጆቹ ብዙ ዓመት አላቸው። የምንቸኩለው እኛ ነን።

ከ«እሄዳለሁ» እንጀምር።

«ሁልጊዜ በታክሲ እሄዳለሁ።» «ነገ በታክሲ እሄዳለሁ።» ግሷ ሁለቱም ቦታ ያው ናት። ልማዱንም የነገውንም አንድ «እሄዳለሁ» ይሸከማቸዋል። እንግሊዝኛ ግን ይለያቸዋል፤ «አይ ጎ» እና «አይ ዊል ጎ»። ልጁ «ቱሞሮ አይ ጎ» ቢላችሁ አይግረማችሁ።

እኔ ሁለት ቆርኪ ይዤ ነው የምሄደው። አንዱን ወረቀት ላይ «ሁልጊዜ» የሚል ክብ ውስጥ፣ ሌላውን «ነገ» የሚል ክብ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ዓረፍተ ነገሩን በአማርኛ እናገራለሁ፣ ልጁ ቆርኪውን ይነካል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ በእንግሊዝኛ ይላል። «ማታ ማታ ጥርሴን እቦርሻለሁ።» ሁልጊዜ! «ቅዳሜ አክስቴ ቤት እሄዳለሁ።» ነገ! አንድ ልጅ ይሄኛው ላይ ተከራከረኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ አክስቱ ቤት ይሄዳል ለካ። እውነቱን ነው፤ ቆርኪው ወደ «ሁልጊዜ» ተመለሰ።

እዚህ ላይ ኤስ የምትባለዋ ጣጣ አለች። በአማርኛ ግሱ ማን እንደሆነ ከፊትም ከኋላም ይናገራል፤ እሄዳለሁ፣ ትሄጃለሽ፣ ይሄዳል፣ ትሄዳለች። እንግሊዝኛ ያንን ሁሉ ጥሎ በአሁን ጊዜ አንዲት ኤስ ቀርታዋለች፤ «ሺ ጎዝ»። ልጆች ደግሞ ኤስን ቀድመው ያወቋት በ«ቡክስ» እና በ«ፔንስ» ነው፣ የብዙ ምልክት ሆና። ስለዚህ ለብዙ ሰው «ዘይ ጎዝ» ይላሉ፣ ለአንዷ «ሺ ጎ»። እኔ «ኤስ አንድ ወንበር ነው ያላት» እላቸዋለሁ። «ቦይስ ፕሌይ»፣ «ዘ ቦይ ፕሌይስ»። «ቺልድረን» ሲመጣ ዘዴው ይፈርሳል፤ እስኪመጣ ግን ያገለግላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጁ «አይ ዌክ አፕ አት ትዌልቭ ኦክሎክ» ካላችሁ እንቅልፋም ብላችሁ አትቆጡት። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ማለቱ ነው። የኛ ሰዓትና የነሱ ሰዓት በስድስት ይለያያል። ቴንሱ ልክ ነው፤ ማርክ አትቀንሱበት።

[ምስል፦ ሥዕል ያለበት የመማሪያ መጽሐፍ ገጽ። አልጋ ላይ የተኛ ሕፃን።]

አሁን ወደ «እየ»። እዚህ አማርኛ ያግዘናል። «እየበላሁ ነው»፣ «አይ አም ኢቲንግ»። «እየ» እና «ኢንግ» ይገናኛሉ፣ «ነው» እና «አም» ይገናኛሉ። ልጁ «አይ ኢቲንግ» ሲል አላርመውም። በአማርኛ «እየበላሁ…» ብዬ ዝም እላለሁ። ዝም ብሎ ያየኛል። «እየበላህ ምን?» ይለኛል። አየህ፣ ያንተም ዓረፍተ ነገር እንደዚያ ተንጠልጥሎ ቀርቷል እለዋለሁ።

ነገር ግን ይህችን ሥዕል እዩ። ሕፃኑ ምን እያደረገ ነው? አማርኛ ተናጋሪ ልጅ ሁሉ «ተኝቷል» ይላል። «እየተኛ ነው» የሚል የለም። እንግሊዝኛው ግን «ሂ ኢዝ ስሊፒንግ» ነው። «ወንበር ላይ ተቀምጣለች» የምንላት «ሺ ኢዝ ሲቲንግ» ትሆናለች። «ቀይ ሹራብ ለብሷል» የምንለው «ሂ ኢዝ ዌሪንግ»። እኛ ሥራው አልቆ ሁኔታው ቀረ ብለን እናያለን፣ እነሱ ሁኔታው እየቀጠለ ነው ይላሉ። ሥዕል ግለጹ ሲባሉ «ዘ ቤቢ ስሌፕት» የሚሉ ልጆች የሚመጡት ከዚህ ነው። ተኛ፣ ተቀመጠ፣ ቆመ፣ ለበሰ፣ ያዘ፤ እነዚህን ለብቻ ሰብስባችሁ በሥዕል አስጠኗቸው። ከሁሉም ትርፍ ያለው ግማሽ ሰዓት ይሄ ነው ብል አላጋነንኩም።

[ምስል፦ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ታክሲ። ረዳቱ በበሩ ብቅ ብሎ ይጣራል።]

ያለፈው ጊዜ ላይ ስንደርስ ታክሲ እንሳፈር።

ልጆች «ዲድ ዩ ዌንት?» ይላሉ። ለምን? አማርኛ ጥያቄ ለመጠየቅ ረዳት አይፈልግም። «ሄድክ።» «ሄድክ?» ድምፅን ከፍ ማድረግ ብቻ ነው። «ዲድ» ለልጁ ጌጥ ናት፣ እንዲሁ ፊት ለፊት የተለጠፈች።

እንግዲህ ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ የሚሄድ ታክሲ ውስጥ ናችሁ። ሾፌሩ ይነዳል። ረዳቱ «ከኋላ፣ ሂሳብ!» ይላል፣ ትከፍላላችሁ። ትንሽ ቆይቶ ሾፌሩ ዞር ብሎ «ሂሳብ» ቢላችሁስ? ትጣላላችሁ። ለአንድ መንገድ ሁለቴ አይከፈልም።

«ጎ» ሾፌሩ ነው። «ዲድ» ረዳቱ። ሂሳቡ ያለፈው ጊዜ ነው። ረዳት ከሌለ ሾፌሩ ራሱ ይሰበስባል፤ «አይ ዌንት»። ረዳት ካለ ሂሳቡን ረዳቱ ወስዶታል፣ ሾፌሩ ዝም ብሎ ይነዳል፤ «ዲድ ዩ ጎ?»፣ «አይ ዲድንት ጎ»። ሰዋስዋችን ራሱ «ረዳት ግስ» ብሎ ሰይሞልናል፤ ይህን ያህል የተመቸ ነገር ከየት ይገኛል?

በዚያው «ደዝ»ንም ታስረዳላችሁ። «ደዝ ሺ ጎ?» ሲባል ኤሷ የት ሄደች? ረዳቱ ኪስ ውስጥ ናት።

አራት ወንበር ደርድራችሁ አጫውቷቸው። ሁሉም ረዳት መሆን ነው የሚፈልገው። አንዱ ልጅ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ዲድ ዲድ ዲድ! የሞላ!» ሲል ጎረቤት ወጥቶ አይቶናል። ከዚያ ወዲህ «ዲድ ዩ ዌንት» ሲያመልጠው እህቱ «ሁለቴ ከፈልክ!» ትለዋለች።

ስለ መደበኛ ግሶች ብዙ አልልም። ፊደላችን እንደተጻፈ ስለሚነበብ ልጆች መጨረሻዋን ሁሌም «እድ» ብለው ያነቧታል። በጆሯቸው ይስሟት፤ «ዎክት»፣ «ፕሌይድ»፣ «ዋንትድ»። ሦስት ድምፅ ናት።

«አይ ጎድ» ብሎ የሚፈለስፍ ልጅ ካላችሁ ደግሞ ደስ ይበላችሁ። ሕጉ ገብቶታል። እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበት ልጆችም በትንሽነታቸው እንዲሁ ይላሉ። «ዌንት» ራሷ መጀመሪያ የ«ጎ» አልነበረችም፤ «ዌንድ» ከሚባል ሌላ ግስ የተወሰደች ናት።

[ምስል፦ አራት ኪሎ፣ የድሉ ሐውልት።]

«ምሳ በልተሃል?» «በልቻለሁ።» እንግዲህ «በልቻለሁ» በሀገራችን ከሰዋስው በላይ ነው፤ መግደርደሪያም ነው። ሳይበላ ስንቱ ብሏታል! ትርጉሟ ግን ግልጽ ነው። መቼ እንደበላሁ አልነገርኳችሁም፤ አሁን እንዳልራበኝ ነው የነገርኳችሁ። «አይ ሃቭ ኢተን» ማለት ይህ ነው። ልጁ ነገሩን ያውቀዋል፣ ስሙን አታስቀድሙበት።

የሚያሰናክለው አንድ ቦታ ነው። እኛ «ትናንት ነግሬሃለሁ» እንላለን፣ ምንም አይደል። እንግሊዝኛ ግን «አይ ሃቭ ቶልድ ዩ የስተርዴይ» አይልም። ቀኑ ከተነገረ «አይ ቶልድ ዩ» ብቻ ነው። ይህንን ሐውልቱ ሥር ቆሜ ነው የማስረዳው። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ የገቡበት ቀን። በፈረንጅ 1941። ቀኑ ድንጋይ ላይ እንደተቀረጸ አድርጋችሁ አስቡት እላቸዋለሁ፣ «ሃቭ» እዚህ ምን ትሠራለች? «ዘ ኢምፐረር ሪተርንድ ኢን ናይንቲን ፎርቲ ዋን።» በቃ።

[ምስል፦ ፒያሳ። ሰፊው አዲሱ የእግረኛ መንገድ።]

የመጨረሻዋ «ዩዝድ ቱ» ናት። ለዚህች ፒያሳን የሚያህል ክፍል የለም። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ብዙ ቤት ፈርሷል፣ መንገዱ ሰፍቷል። እዚህ ሱቅ ነበር፣ እዚያ ኬክ ቤት ነበር። አማርኛው «ነበር» ሲል እንግሊዝኛው «ዩዝድ ቱ» ይላል፤ ድሮ ሁሌ የነበረ፣ አሁን የሌለ።

የአራተኛ ክፍል ተማሪዬን ይዤ እየሄድን አንድ ቦታ ላይ ቆመ። «ማይ ግራንድማዘር ዩዝድ ቱ ሊቭ ሂር» አለኝ። ያስተማርኩት ከአንድ ሳምንት በፊት ነው። አሁንስ የት ናት አልኩት።

«ናው ሺ ሊቭስ ኢን አያት።»

አያቱ አያት መሆኗ ሳያስቀው ኤሷ አስደሰተችው። «ሊቭስ፣ ቲቸር፣ ሰምተሃል?» አለኝ። ሰምቻለሁ አልኩት።