ኦሲሎስኮፑ ቀጥ ያለ መስመር ሲያሳያችሁ ቶሎ አትመኑት

እንዴት ናችሁ፣ ዛሬም መርዓዊ ከሱቄ ነኝ፣ መብራቱ ሳይሄድ ቶሎ ቶሎ ልበል።

ይቺ 12 ቮልት አዳፕተር የስፒከር ናት፣ ባለቤቱ ዝዝዝ የሚል ድምፅ አስቸገረኝ ብሎ ነው ያመጣት። መልቲሜትር 12 ይላል። ኦሲሎስኮፕ ላይ፣ ቮልቱ በጊዜ ሲለዋወጥ በመስመር ስሎ የሚያሳየው ማሽን ላይ፣ የእስክሪኑን አንዱን ሳጥን 2 ቮልት አድርጌ ስለካት ደሞ፣ ይሄው፣ ቀጥ ያለ መስመር። ጤነኛ ትመስላለች አይደል?

[ካሜራ ፕሮቡ ላይ]

ሲግናሉ መጀመሪያ እዚህ ፕሮቡ ጋ፣ አዳፕተሯን የሚነካው የመለኪያ ገመድ ጋ፣ ይቀነሳል። ፕሮቡ አስር እጥፍ ላይ ሲሆን ውስጡ 9 ሜጋኦም አለ፣ የማሽኑ መግቢያ ደግሞ 1 ሜጋኦም ነው፣ ስለዚህ የሚገባው አንድ አስረኛው ብቻ ነው። ከዛ ትልቁን ሲግናል የሚቀንስ አቴኑዌተር አለ፣ የቆጋ ግድብን ውሃ ባንዴ ማሳ ላይ እንደማንለቀው በሉት፣ ትንሽ የሆነውን ደግሞ አምፕሊፋየሩ ያሳድገዋል። ቁልፉን ስታዞሩ ውስጡ ቀጭ ካለ ሪሌዩ አቴኑዌተሩን እየቀየረ ነው፣ አትደንግጡ።

ይሄ ሁሉ ልፋት ለኤዲሲው ነው፣ ቮልቱን ቁጥር ለሚያደርገው ቺፕ። ባብዛኛው 8 ቢት ስለሆነ የሚያውቀው 256 ደረጃ ብቻ ነው። እስቲ አስሉት፣ 8 ሳጥን በ2 ቮልት 16 ቮልት፣ ለ256 ስናካፍለው አንዱ ደረጃ 62.5 ሚሊቮልት ይመጣል፣ የኛ ሪፕል፣ 12 ቮልቱ ላይ ያለችው ትንሽ መወዛወዝ፣ ደሞ 40 ሚሊቮልት ናት፣ አንድ ደረጃ እንኳን አትሞላም፣ እና እንዴት ትታይ!

[ካሜራ እስክሪኑ ላይ]

አሁን ካፕሊንጉን፣ ሲግናሉ ወደ ማሽኑ የሚገባበትን መንገድ፣ ከዲሲ ወደ ኤሲ ላድርገው። መንገዱ ላይ ካፓሲተር ገባ፣ 12 ቮልቱን ያስቀረዋል፣ የሚወዛወዘውን ብቻ ያሳልፋል። ሳጥኑን 20 ሚሊቮልት ሳደርገው፣ አያችኋት? ሁለት ሳጥን ሙሉ! በሰከንድ 100 ጊዜ ነው የምትወዛወዘው፣ የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ የታችኛው ግማሽ በዳዮድ ወደ ላይ ሲታጠፍ እጥፍ ይሆናል፣ ዝዝዝታው ይሄ ነው።

ስለ ታይሙ ቁልፍም አንድ ነገር፣ የኔው በሰከንድ 1 ቢሊዮን ጊዜ ይለካል ይላል ግን ሚሞሪው ውስን ስለሆነ ታይሙን ባረዘማችሁት ቁጥር በሰከንድ የሚለካው ብዛት ይቀንሳል፣ ያኔ ፈጣኑ ሲግናል የዘገየ መስሎ ይመጣል፣ ቪዲዮ ላይ የባጃጅ ጎማ ወደኋላ የሚዞር እንደሚመስለው።

[የአዳፕተሯ የራሷ ካፓሲተር ከተቀየረ በኋላ]

ይሄው፣ ያው 20 ሚሊቮልት ላይ ነን፣ ሪፕሏ ሩብ ሳጥንም አትሞላም።