ሃይላንድ ውስጥ ያለው ወተት አይደለም

የተከበራችሁ የዕድራችን አባላት፣ እናቶች፣ አባቶች፣ ልጆቼ፤ እንደምን አመሻችሁ።

ሊቀመንበራችን "ስለ ቤት ውስጥ አበባ አሥር ደቂቃ ይናገሩልን" ሲለኝ ስለ ውበቱ የማወራ መስሎት ነው። ውበቱንማ ታውቁታላችሁ። በዚህ በአዳማ ሙቀትና አቧራ፣ ሳሎን ውስጥ አንድ አረንጓዴ ነገር ማየት ምን እንደሆነ ለናንተ አይነገርም። እኔ የመጣሁት ስለ ተባዩ ላወራ ነው። ከተባዩም በላይ ስለ ሃይላንዱ።

ከቲቪው ጎን ያለችውን የጎማ ዛፌን ታስታውሷታላችሁ። በልጄ ሠርግ ግማሾቻችሁ አጠገቧ ፎቶ ተነስታችኋል። አምና ፋሲካ ሲቃረብ ቅጠሏ ከግንዷ በሚገናኝበት ስርቻ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር አየሁ። አቧራ መስሎኝ እፍ አልኩት። ንቅንቅ አላለም። በጥፍሬ ስጫነው ፈረጠና ጣቴ ላይ ተጣበቀ። ባለሙያዎች ሚሊበግ ይሉታል። ትግራይ ውስጥ በለሱን የፈጀው ኮቺኒል የሩቅ ዘመዱ ነው። አንዷ ሴት በዚያ ጥጥ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር እንቁላል ትደብቃለች።

ደነገጥኩ። የእርሻ መድኃኒት የሚሸጥበት አንድ ሱቅ ሄድኩ፤ ስሙ ይቅር። ልጁ "ማዘር፣ ችግር የለም" ብሎ ከጀሪካን ወደ ባዶ ሃይላንድ ቀዳልኝ። ስም የለው፣ ጽሑፍ የለው። "አንድ ቆርኪ ለአንድ ሊትር" አለኝ፤ በቃ። ጓንት አድርጊ አላለኝም። ቤት ውስጥ አይረጭም አላለኝም። እኔም አልጠየቅኩም፤ ዕድሜዬን ሙሉ ባዮሎጂ ያስተማርኩት ሴትዮ!

ውሃ ሲነካው ነጭ ሆነ። ቁርጥ ወተት። ረጨሁና የተረፈውን ከነሃይላንዱ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተውኩት። ትንሽ ቆይቶ የአራት ዓመቱ የልጅ ልጄ በሁለት እጁ አቅፎት መጣ።

"እማማ፣ ክዳኑ እምቢ አለኝ። ወተቱን ክፈቺልኝ።"

ክዳኑን አጥብቄው ነበር። ሌላ ቀን ላላጠብቀው እችል ነበር። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

እስቲ ንገሩኝ፤ ለሄክታር የተሠራ መርዝ ለአንድ ማሰሮ ምን ያደርጋል? የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ አለን፤ ቁጥር 674/2002። አዋጁ መደርደሪያ ላይ፣ መርዙ ሃይላንድ ውስጥ! ወረቀት ያልተለጠፈበትን የሚቀዳ ባለሱቅ ጥፋተኛ ነው። የምንገዛው እኛስ? እኛም ነን! እዚህ ጋ ማጨብጨብ ይቻላል።

ጉዱ ደግሞ አለመሥራቱ። ቤቱ ለሳምንት ሸተተ፤ ሚሊበጉ ቀነስ አለ። ብዙም ሳይቆይ ግን ቅጠሏ አመድ የተነሰነሰባት መሰለች፤ ከሥሩ ስስ ድር። ነጭ ወረቀት ይዤ ቅጠሉን መታ መታ ሳደርገው ነጠብጣቦች ወረዱ። ነጠብጣቦቹ መሄድ ጀመሩ። ቀይ ሸረሪት። ስምንት እግር ስላለው ከነፍሳት አይቆጠርም፤ ብዙ የነፍሳት መርዝም አይገድለውም። እንዲያውም እሱን የሚበሉትን ገድሎ ይገላግለዋል። ደረቅ ሙቀት ሲያገኝ በሳምንት ገደማ ከእንቁላል ተነስቶ ለወላድነት ይደርሳል። እንግዲህ የኛን ግንቦት አስቡት።

ያዳናት ሳሙና ነው። ለአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና። የልብስ ዱቄት ሳሙና ቅጠል ያቃጥላል፤ አደራ። መጀመሪያ አንድ ቅጠል ላይ ሞክሩና እደሩ። ከዚያ በጨርቅ፣ በተለይ የቅጠሉን ጀርባ፣ እንደ ሕፃን ፊት ቀስ ብላችሁ ጥረጉ። ጥጥ ጥጥ የሚለውን 70 በመቶ አልኮል በነካ የጆሮ ኩክ ማውጫ ልቀሙት። ሳሙና የሚገድለው የነካውን ብቻ ነው፤ እንቁላሉ ይፈለፈላል። ስለዚህ በየሳምንቱ መደጋገም ነው። እኔ አምስት ቅዳሜ ፈጅቶብኛል፤ ሬዲዮ ከፍቼ።

ሌላው አጭር ነው። ከማሰሮው ብር ብር የምትል ጥቁር ዝንብ ካለች ውሃ አብዝታችኋል፤ አፈሩ ከላይ ይድረቅ። የቡና አተላም ማሰሮ ላይ አትድፉ፤ ለዝንቧ ልጆች ድግስ ነው። አዲስ ችግኝ ሁለት ሳምንት ለብቻው ይቀመጥ። ጉንዳን ግንዱ ላይ ከተመላለሰ፣ ሚሊበግ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፍለጋ ሊሆን ስለሚችል ስርቻውን እዩ።

የኔ ሃይላንድ አሁንም ውጭ ያለው ዕቃ ቤት ውስጥ ተቆልፎበት ተቀምጧል። ቦይ ውስጥ አልደፋው፤ የት እንደምወስደውም ሁለት ቢሮ ጠይቄ መልስ አላገኘሁም። ኮሚቴያችን በደብዳቤ ይጠይቅልን፤ እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ ፊታችሁ ይናገራል።

በሩ ጋ ማሰሮ ይዛችሁ የመጣችሁ አትሂዱ። ቡናው እስኪፈላ ቅጠሉን ገልብጠን እንይ፤ ነጭ ወረቀት ይዣለሁ።