«ስንት አገባህ?» የሃይስኩል ባስኬት ወሬ ከሲልቨር ስፕሪንግ

እሱ፦ እንደምን ሰነበታችሁ! ዛሬ ስለ ቤት ኪራይም ስለ ኢሚግሬሽንም አናወራም፣ እፎይ በሉ። ዛሬ ባስኬት ነው፣ የሃይስኩል ባስኬት። እዚህ ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ሃይስኩል የገባ ልጅ ያላችሁ ሰዎች ከኖቬምበር እስከ ማርች ማታ ማታ የት እንደምትነዱ እናውቃለን።

እሷ፦ የምትነዱ ከሆነ ነው። ግማሹ ወላጅ እኮ ልጁ ትሬኒንግ ላይ ይሁን ላይብረሪ አያውቅም፣ «ትምህርት ቤት ነኝ» ካለው በቃ።

እሱ፦ ኧረ ገና ሳንጀምር ገባሽባቸው።

እሷ፦ ልግባባቸው እንጂ! በጁላይ ለኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር አውሮፕላን ተሳፍሮ ሌላ ስቴት የሚሄድ ሰው አሥር ደቂቃ ነድቶ የገዛ ልጁን ጨዋታ አያይም፣ ይሄ ምን ይባላል?

እሱ፦ እሱስ እውነት ነው፣ ፌዴሬሽኑ ከተመሠረተ ከ1984 ጀምሮ እየሄድን ነው፣ ሄደን ደግሞ ኳሱን እንኳ በደንብ አናይም፣ ጥብስ እየበላን የድሮ ሰው ስንፈልግ ነው የሚመሸው። ግን ለወላጆቹም ፍረጂላቸው እስቲ፣ ጨዋታው በብዛት ማክሰኞና አርብ ማታ ነው፣ አርብ ማታ ኡበር ለሚነዳ ሰው ዋናው ገበያ ነው፣ ነርሲንግ ሆም የምትሠራዋ ደግሞ ፈረቃዋን ለማን ትስጥ?

እሷ፦ እሱን እቀበላለሁ። ስንችልም ስለማንሄደው ነው የማወራው።

እሱ፦ እሺ፣ ለማያውቅ ሰው ትንሽ እናስረዳ። እዚህ ስፖርት በሦስት ወቅት ይከፈላል፣ ፎል፣ ዊንተር፣ ስፕሪንግ። ዊንተሩ ሜሪላንድ ውስጥ ኖቬምበር 15 ላይ በልምምድ ይጀምራል፣ ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ ጨዋታ፣ ፌብሩዋሪ መጨረሻ አካባቢ ፕሌይኦፍ፣ ማለት ጥሎ ማለፉ፣ የስቴቱ ፍጻሜ ደግሞ ማርች ላይ ኮሌጅ ፓርክ፣ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ጂም ውስጥ ነው። ባስኬት ብቻ አይደለም፣ ሬስሊንግ አለ፣ ዋና አለ፣ ኢንዶር ትራክ አለ፣ ቦቺ የሚባለውም አለ፣ አካል ጉዳት ያለባቸውና የሌለባቸው ልጆች አብረው የሚጫወቱት፣ እሱን አንድ ቀን ሄዳችሁ እዩት፣ ጂሙ እንዴት እንደሚጮህ።

እሷ፦ ዋናተኞቹ ያሳዝኑኛል እኔን። ትምህርት ቤቶቹ ራሳቸው መዋኛ የላቸውም፣ በካውንቲው መዋኛ ነው በተራ የሚሠለጥኑት፣ በዚያ ብርድ ፀጉራቸው እንደረጠበ ይወጣሉ።

እሱ፦ ባስኬት ራሱ የተፈጠረው በብርድ ምክንያት ነው እኮ። ዲሴምበር 1891፣ ስፕሪንግፊልድ ማሳቹሴትስ፣ ጄምስ ኔይስሚዝ የሚባል አስተማሪ ውጭ መጫወት ያልቻሉ ተማሪዎች አስቸግረውት የኮክ ቅርጫት ጂሙ ሰገነት ላይ ሰቀለ፣ ዘጠኝ ለዘጠኝ አሰለፋቸው፣ ተጫወቱ። ቅርጫቱ ታች ድፍን ነበር፣ ጎል በገባ ቁጥር ኳሱን ወጥቶ ማውጣት ነው።

እሷ፦ እሺ አስተማሪያችን፣ አሁን ወደ እኛ ሰፈር እንመለስ። ትራይአውት እናውራ፣ ልጆቹ ተፈትነው ለቡድኑ የሚመረጡበትን።

እሱ፦ እሱ ሳምንት...

እሷ፦ ቤቱን የሐዘን ቤት የሚያደርገው ሳምንት! ልጁ አይበላም፣ አያወራም፣ ስልኩን ብቻ ያያል። እኔ መጀመሪያ የመሰለኝ የተመዘገበ ሁሉ የሚጫወት ነው። ለካ ብዙ ልጅ መጥቶ አሥራ ምናምኑ ብቻ ነው የሚቀረው፣ ያውም ለመሞከር ብቻ ሐኪም የፈረመበት ፎርም ያስፈልጋል። ቫርሲቲ፣ ዋናው ቡድን፣ ካልሆነ ጄቪ፣ ሁለተኛው ቡድን፣ ጄቪም ካልሆነ ደህና ሁን። አሥራ አምስት ዓመት ልጅ «አንተ አልተመረጥክም» ሲባል አስበው፣ ከዚያ በማግስቱ ከተመረጡት ጋር አንድ ክፍል ገብቶ ማትስ ይማራል።

እሱ፦ ያንቺው ልጅ ግን ገባ።

እሷ፦ ገባ። ቤንች ነው፣ ተቀያሪ። በደንብ ቤንች።

እሱ፦ (ሳቅ) ቆይ እሱጋ እንመጣለን። መጀመሪያ ስለ ግሬድ እናውራ፣ ምክንያቱም ለሐበሻ ወላጅ ትልቁ ፍርሃት «ኳስ ትምህርቱን ያበላሽበታል» ነው። እዚህ ካውንቲ ውስጥ ልጁ ለመጫወት ቢያንስ 2.0 ጂፒኤ፣ አማካይ ውጤት ማለት ነው፣ ያስፈልገዋል፣ በአንድ ማርኪንግ ፔሬድም፣ ውጤት በሚሰጥበት ጊዜ፣ ከአንድ ኮርስ በላይ መውደቅ አይችልም፣ ከወደቀ ማልያውን ያስረክባል።

እሷ፦ ይሄ ሕግ ከእኔ ቁጣ በላይ ነው የሠራው። እኔ «አጥና» ስለው በአንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው ይወጣል፣ ኮቹ «ያቺን ኬሚስትሪ ካላስተካከልክ ሌላው ይተካሃል» ሲለው እሁድ ጠዋት ተነስቶ ሲያጠና አገኘሁት። እሁድ ጠዋት! ለቅዳሴ የማይነሳው ልጅ።

እሱ፦ ስለ ቅዳሴ ካነሳሽ፣ ጾሙስ እንዴት ነው? ምክንያቱም ልክ ሲዝኑ ሲጀምር ነው ጾመ ነቢያት የሚገባው፣ ከህዳር 15 እስከ ገና።

እሷ፦ ኧረ እሱን ተወኝ፣ እሱ ብቻ አንድ ፕሮግራም ይሆናል። የእኔ ልጅ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይጾምም፣ ግን ከሥጋ ከወተት ራሱን ይከለክላል፣ ማንም አላስገደደውም፣ ከአያቱ ጋር ነው የተዋዋለው። ትምህርት ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ያልቃል፣ ከዚያ በቀጥታ ልምምድ። ኮቹ ደወለልኝ፣ በጣም ጨዋ ሰው ነው፣ «ልጁ ፕሮቲን ከየት ነው የሚያገኘው?» አለኝ። ምስር አልኩት፣ ሽምብራ አልኩት፣ ከዚያ በሶ የሚባለውን ለማስረዳት ስሞክር ጭንቅ ሆነ፣ በቃ ላኩለት።

እሱ፦ ለኮቹ በሶ ላክሽ?!

እሷ፦ ጭብጦ አድርጌ፣ ትንሽ ስኳር ጨምሬ፣ በዚፕሎክ። ልጆቹ መጀመሪያ አሸዋ ነው ብለው ሳቁ፣ አሁን ከጨዋታ በፊት እጃቸውን ዘርግተው ነው የሚጠብቁት፣ አንዱማ እናቱን «ከየት ነው የሚገዛው» ብሎ አስደወላት። በየሳምንቱ አንድ ኪሎ በሶ እየጨረስኩ ነው፣ ለቡድኑ ገንዘብ የሚሰበስበው ቡስተር ክለብ ይክፈለኝ።

እሱ፦ (ሳቅ) ሙስሊሞቹስ ልጆች? ረመዳን አሁን አሁን ፌብሩዋሪና ማርች ላይ ነው የሚውለው፣ ልክ በፕሌይኦፍ።

እሷ፦ እሱን በዓይኔ ነው ያየሁት። የኛው ቡድን አንድ ልጅ ቀኑን ሙሉ ጾሞ እየተጫወተ ፀሐይ የምትገባበት ደቂቃ ደረሰ፣ ኮቹ ሰዓቱን ያውቃል፣ ታይምአውት ጠራ፣ ልጁ ቤንች ጋ ቆሞ ሁለት ቴምር በላ፣ ውሃ ጠጣ፣ ተመልሶ ገባ። ቴምሩን ይዞለት የነበረው የኔው ልጅ ነው። ያን ቀን አንድ ደቂቃ አልተጫወተም፣ ቤት ገብቶ ግን ያወራው እሱን ነው።

እሱ፦ ይሄ ነው እንግዲህ ወላጅ የማያየው። እቤት ሲገባ የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፣ «ስንት አገባህ?»

እሷ፦ «ዜሮ» ካለ ወሬው አለቀ። ዲፌንስ ይዞ ይሆናል፣ ለጓደኛው ስክሪን ሠርቶ፣ ተከላካዩን ዘግቶለት፣ ይሆናል፣ ቤንች ላይ ሆኖ ጉሮሮው እስኪነቃ ጮሆ ይሆናል፣ ማን ጠየቀው።

እሱ፦ ከዚያ ደግሞ ሌላኛው ዓይነት ወላጅ አለ፣ ልጁ ሁለት ጊዜ ሦስት ነጥብ ካገባ በኋላ ስኮላርሺፕ መቁጠር የሚጀምረው። ወንድሞቼ እህቶቼ፣ ሒሳቡን ልንገራችሁ። በአሜሪካ ሃይስኩል ባስኬት የሚጫወቱ ወንዶች ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ናቸው። ከመቶ ዲቪዥን ዋን፣ የኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛው ደረጃ፣ የሚደርሰው አንድ ገደማ ነው። ዲቪዥን ስሪ የሚባሉት ኮሌጆች ደግሞ የስፖርት ስኮላርሺፕ ጭራሽ አይሰጡም። ለኮሌጅ ገንዘብ ከሆነ የምትፈልጉት ያቺን ኬሚስትሪ ያጥና።

እሷ፦ «ሐበሻ ስለሆነ ይሩጥ» የሚሉትስ? የልጄን ቁመት አይተው አይደለም፣ ስሙን ሰምተው ነው ኢንዶር ትራክ ይግባ የሚሉኝ።

እሱ፦ (ሳቅ) በእርግጥ አይፈረድባቸውም፣ የጉዳፍ ፀጋይን 3፡53.09 ያየ ሰው፣ 2021 ፈረንሳይ ላይ በቤት ውስጥ 1500 ሜትር የሮጠችውን፣ ሐበሻ ሁሉ እንደዚያ ይመስለዋል።

እሷ፦ የኔው ደረጃ ሲወጣ ያለከልካል።

እሱ፦ እሺ አሁን እኔ የምወደው ጋ ልምጣ። እዚሁ ጎረቤታችን ሃያትስቪል ዴማታ የሚባል የካቶሊክ ትምህርት ቤት አለ፣ ሰዎች በአጠገቡ እየነዱ ያልፋሉ፣ ምን እንደሆነ አያውቁም። ሞርገን ዉተን የሚባል ሰው ከ1956 እስከ 2002 አሠለጠነ፣ 1,274 ጨዋታ አሸነፈ፣ የተሸነፈው 192 ብቻ። ቀን ሂስትሪ ያስተምራል፣ ከሰዓት ባስኬት። ኤንቢኤ የደረሱት ቪክቶር ኦላዲፖ፣ ማርኬል ፉልትዝ፣ ኋላ የመጡት ሁሉ ከዚያ ቤት የወጡ ናቸው።

እሷ፦ የራኬቱን ታሪክ ንገራቸው፣ እሱን እኮ ነው ልትል የፈለግከው።

እሱ፦ አቋረጥሽኝ! እሺ። 1965፣ ጃንዋሪ። ከኒውዮርክ ፓወር መሞሪያል የሚባል ትምህርት ቤት ይመጣል፣ 71 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ። መሀል ላይ የቆመው ሉ አልሲንዶር ነው፣ በኋላ የኤንቢኤው ኮከብ ካሪም አብዱልጀባር የሆነው፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር ከአሥር አልፏል። ዴማታዎች ከዓመት በፊት ተሸንፈውለታል፣ ቂም አለ። እና ዉተን ምን አደረገ፣ በልምምድ ላይ ረጅሙን ልጅ የቴኒስ ራኬት አስያዘው። ከራኬቱ በላይ አሳልፋችሁ ወርውሩ። አስቢው፣ የሚወረውሩትን ሁሉ ልጁ በራኬት እየመታ ሲመልስባቸው፣ በቀን በቀን፣ ኳሱን ከፍ አድርገው መወርወር እስኪለምዱ።

እሷ፦ ከዚያ?

እሱ፦ ኮል ፊልድ ሃውስ፣ እዚሁ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ከ12,000 በላይ ሰው ገባ ለሃይስኩል ጨዋታ። 46 ለ 43 አሸነፉ። አልሲንዶርን 16 ነጥብ ላይ ያዙት። ሰባ አንዱ ተቆረጠ።

እሷ፦ እንዲህ ስታወራ የሰማ ወላጅ ነገ ልጁን ከመንግሥት ትምህርት ቤት አስወጥቶ እዚያ ሊያስገባ ነው።

እሱ፦ ይሄማ አለ፣ ልጁ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ረዘም ሲል የግል ትምህርት ቤት ማሰብ። እኔ አልመክርም። የግሎቹ ተጫዋች ከየቦታው መሰብሰብ ይችላሉ፣ ልጅሽ እዚህ ቫርሲቲ ላይ አሥር ደቂቃ የሚጫወት ከሆነ እዚያ ማልያም ላይደርሰው ይችላል፣ አንቺ ግን የትምህርት ክፍያውን ትከፍያለሽ።

እሷ፦ እኔ ደግሞ ሰፈር ስለሚባለው ነገር ነው የማስበው። የኛ ቡድን ውስጥ የኤልሳልቫዶር ልጅ አለ፣ የካሜሩን አለ፣ ሁለት ሐበሻ አሉ፣ ሁሉም በእግሩ የሚመጣ ነው። ሲሸነፉ አብረው ነው ወደ ቤት የሚሄዱት፣ ማክዶናልድ ገብተው ይጨቃጨቃሉ፣ ማን ሪባውንድ ሳይወስድ ቀረ እያሉ። ዘንድሮ ደግሞ ብዙ ተሸንፈዋል፣ ልደብቅ አልችልም።

እሱ፦ ግን ሜሪላንድ ውስጥ ያለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሁሉ ፕሌይኦፍ ይገባል፣ ስንትም ይሸነፍ። እሱን እወደዋለሁ። ፌብሩዋሪ ላይ ሁሉም ከዜሮ ነው።

እሷ፦ በረዶ ካልዘጋው። በረዶ ጥሎ ትምህርት ከተዘጋ ማታም ጨዋታ የለም፣ ከዚያ የተሰረዘውን ሁሉ በአንድ ሳምንት ጭነው ልጆቹን ይጨርሷቸዋል።

እሱ፦ ሲኒየር ናይትስ አላችሁ?

እሷ፦ አለን። ለማያውቁት፣ በሜዳቸው የመጨረሻው ጨዋታ ላይ አሥራ ሁለተኛ ክፍሎቹ ከወላጆቻቸው ጋር ስማቸው እየተጠራ ወደ ሜዳው መሀል ይሄዳሉ፣ እናት አበባ ይሰጣታል። አምና አንድ አባት አየሁ፣ ሐበሻ ነው፣ የፓርኪንግ ጃኬቱን እንደለበሰ ከሥራ እየሮጠ መጣ፣ ባጁ አንገቱ ላይ ነው። ስማቸው ተጠራ፣ ስማቸውን የሚጠራው ልጅ አበላሽቶ ነው የጠራው፣ ሰውየው ግን እጁን ልጁ ትከሻ ላይ ጥሎ ቀስ ብሎ ሄደ፣ ማንም አላጣደፈውም። ልጁ ያን ቀን ከመጀመሪያው አምስት ውስጥ ገባ፣ ሲኒየር ስለሆነ፣ ዓመቱን ሙሉ ገብቶ አያውቅም። ሁለት ፋውል ሠርቶ ወጣ። አባቱ ቆሞ አጨበጨበ።

እሱ፦ ለፋውሉ?

እሷ፦ ለፋውሉ! ይገባሃል፣ ምን እንደሆነ አያውቅም፣ ልጁ ሜዳ ውስጥ ስለነበረ ነው።

እሱ፦ ለነገሩ ፋውሉ ተቀይሯል፣ ይሄን አባቶች ስሙኝ፣ ከ2023 ሲዝን ጀምሮ የቡድን ፋውል በየኳርተሩ ከዜሮ ይጀምራል፣ አምስተኛው ላይ ሁለት ፍሪ ትሮው፣ ነጻ ውርወራ፣ ነው፣ ያ የድሮው «ዋን ኤንድ ዋን»፣ የመጀመሪያውን ካገባ ብቻ ሁለተኛ የሚሰጠው፣ ቀርቷል። ስለዚህ ተነስታችሁ ዳኛው ላይ «ዋን ኤንድ ዋን ነው!» እያላችሁ አትጩሁ፣ ልጆቻችሁ ያፍራሉ።

እሷ፦ ማን እንደሚጮህ ልናገር?

እሱ፦ አትናገሪ።

እሷ፦ እሺ፣ ማክሰኞ ግን ና። ጄቪው ቀድሞ ነው፣ ቫርሲቲው ማታ ነው፣ ቲኬቱን በስልክህ ግዛ፣ በር ላይ ካሽ አይቀበሉም። እኔ ኮንሴሽኑ፣ ምግብ መሸጫው፣ ጋ ነኝ፣ ሳምቡሳ ይዤ ነው የምመጣው፣ የጾም ነው። አንተ ግን ከኮቹ ኋላ እንዳትቀመጥ፣ ባለፈው ዞሮ አይቶሃል።

እሱ፦ ሳምቡሳው ስንት ነው?

እሷ፦ ሁለት ዶላር። ላንተ ሦስት።