ገዳዩን ሳትነግሩኝ ንገሩኝ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከሐረር ድረስ የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም መጣችሁ።

ስብሰባውን ወደ 10 ሰዓት የገፋነው አውቀን ነው። በ8 ሰዓት የድሬ ፀሐይ መጽሐፍ ይዞ ከቤት የሚወጣ የለም። አሁን ነፋሱ መጥቷል፤ ሻዩም ደርሷል። የዓመቱን ሪፖርት ጸሐፊያችን ታቀርባለች። እኔ የማነሳው አንድ ጉዳይ ብቻ ነው። መጽሐፍ ስለ መጠቋቆም።

የእኛ ማኅበር የሚያነበው ሁለት ዓይነት መጽሐፍ ነው። ፋንታሲ፣ ማለትም አስማትና ምናባዊ ዓለም ያለበት ልብወለድ፣ እና የወንጀል ምርመራ። "ይኼ የጊዜ ማሳለፊያ አይደለም ወይ?" የሚሉን አሉ። እኔ ግን ሁለቱንም ያገኘሁት ከአያቴ ምንጣፍ ላይ ነው። "ተረት ተረት" ሲሉን "የላም በረት" ብለን አውሬ ወደሚናገርበት አገር እንገባለን። "እንቆቅልሽ" ሲሉን "ምን አውቅልሽ" ብለን ፍንጭ ፍለጋ እንጀምራለን። እንቆቅልሽ ደግሞ ሕግ አለው። መልሱ ያልመጣለት "አገር ስጠኝ" ይባላል። አገር ሳይሰጥ መልሱ አይነገርም። ጠያቂው ቀድሞ ካፈረጠው ጨዋታው እዚያው ያልቃል።

ሮናልድ ኖክስ የሚባል እንግሊዛዊ ቄስ በ1929 እ.ኤ.አ. ለምርመራ ልብወለድ 10 ሕጎች አውጥቶ ነበር። አንዱ መርማሪው ራሱ ወንጀለኛው መሆን የለበትም ይላል። ሌላው ደግሞ መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ ሁሉ ወዲያው ለአንባቢው ማሳየት አለበት ይላል። ሳነበው አያቴ ትዝ አሉኝ። እሳቸውም ፍንጩን ፊታችን ያስቀምጡት ነበር፤ መልሱን ግን አገር ሳንሰጥ አይነግሩንም።

አንድ የደረሰብኝን ላጫውታችሁ። ለገሃር አካባቢ መንገድ ላይ ከተዘረጉ አሮጌ መጻሕፍት አንድ የምርመራ ልብወለድ ገዛሁ። ሽፋኑ በፕላስተር የተጠገነ ነው። ማታ ጀመርኩት። ገጽ 41 ላይ ስደርስ ከዳር በእርሳስ ቀስት ተሰርቷል። ቀስቱ የአንድ ሰው ስም ላይ ያርፋል። ከጎኑ "ገዳዩ ይኼ ነው" ይላል። ጽሑፉ ጠንከር ተደርጎ ስለተጻፈ ገጹን ስገልጠው በጀርባው በጣቴ ይዳሰስ ነበር። በጣም ተናደድኩ። መጽሐፉን ዘጋሁት። ከአንድ ዓመት በላይ ሳልነካው ቆየ።

መብራት በጠፋበት አንድ ሌሊት ባትሪ አብርቼ መልሼ አነሳሁት። እስከ መጨረሻው ዘለቅኩት። ገዳዩ ያ ሰው አልነበረም! ያ የማላውቀው አንባቢ መልሱን እየነገረኝ አልነበረም። እየገመተ ነበር። ልክ እንደ እኔ ገጽ 41 ላይ ተቀምጦ፣ ብቻውን፣ የሚያወራው ሰው አጥቶ ለወረቀቱ እየነገረው ነበር። ያን ሰው ባገኘው ደስ ይለኝ ነበር። ሻይ ጋብዤው "ለምን እሱን ጠረጠርከው?" እለው ነበር።

ማኅበራችን ለእኔ ያ ሻይ ነው። በቴሌግራም እየተጻጻፍን አንድን መጽሐፍ በየሳምንቱ እየከፈልን ስናነብ፣ ማንም ቀድሞ ሳይሮጥ ግምቱን ሲያስቀምጥ፣ በእርሳስ የተጻፈችው ቀስት መልስ ሰጪ አገኘች ማለት ነው።

አሁን ወደ ጥቆማው ልምጣ። "በጣም ምርጥ ነው፣ አንብቡት" የሚል መልእክት ብዙ እናያለን። ከልብ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ለማን ነው ምርጥ? አንድ አባላችን ዘንድሮ የጻፈችውን አልረሳውም። "ደቻቱ ማዶ እህቴ ቤት ሆኜ በ3 ሌሊት ጨረስኩት። የመጀመሪያዎቹን 60 ገጾች ታገሱ። ሕፃን የሚጎዳበት ምዕራፍ አለ፤ የሚከብዳችሁ ካላችሁ ቀድሜ ልንገራችሁ። መጨረሻውን ግን አልነግራችሁም።" ይኸው ነው። ለማን እንደሚሆን፣ የት እንደሚያንገራግር፣ ምን እንደሚያሳምም ነገረችን። ገዳዩን ግን አልነካችም። ይህን ያነበቡ አባላት መጽሐፉን ተቀባበሉት።

ቅደም ተከተል የሚባለውን ነገርም አደራ። እንግሊዛዊቷ ደራሲ አጋታ ክሪስቲ 66 የምርመራ ልብወለዶች ጽፋለች፤ አብዛኞቹን ከፈለጋችሁት መጀመር ትችላላችሁ። ፋንታሲ ግን እንዲህ አይደለም። የእንግሊዛዊው ደራሲ የቶልኪን ታላቅ ሥራ፣ "የቀለበቶች ጌታ" (The Lord of the Rings)፣ በ1954 እና በ1955 እ.ኤ.አ. በ3 ቅጽ የታተመ አንድ ታሪክ ነው። ሁለተኛውን ቅጽ ብቻ ያገኘ ሰው ባቡሩን መኢሶ ላይ እንደተሳፈረ ነው፤ ከአዲስ አበባ ጀምሮ የተወራው ሁሉ አምልጦታል። የእኛውን ይስማዕከ ወርቁንም ብናነሳ፣ ዴርቶጋዳን ያላነበበ ሰው እጅ ላይ ራማቶሓራን ማስቀመጥ ደግ ሥራ አይደለም። ስትጠቁሙ "ይኼ ስንተኛው ነው?" የሚለውን መልሱ።

ፋንታሲን "ውሸት ነው" ብለው የሚሸሹ አባላት አሉን። አልፈርድባቸውም፤ ዘንዶና ጠንቋይ ባለበት ባለ 900 ገጽ መጽሐፍ ስለጀመርንላቸው ነው። ሐረሮች እስቲ ፍረዱኝ። እናንተ ዘንድ ጅብ ማታ በጀጎል ግንብ ቀዳዳ ይገባል። በስም ሲጠሩት ይመጣል፣ ሥጋውን ከሰው እጅ ይበላል። ይህን ለሩቅ አገር ሰው ብትነግሩት ፋንታሲ ነው ይላችኋል። እንግዲህ ለጀማሪ እንዲህ ያለውን ስጡት። የምናውቀው ዓይነት ከተማ፣ የምናውቀው ዓይነት ሰፈር፣ መሐሉ ላይ አንድ እንግዳ ነገር ብቻ። እሱን ከወደደው ዘንዶው ይደርሳል።

አንድ የሚከነክነኝ ነገር አለ። ጥቆማ በተለጠፈ በደቂቃዎች ውስጥ "ፒዲኤፍ ያለው ይላክልኝ" የሚል ይመጣል። መጽሐፍ መወደዱን አላጣሁትም። አዲስ መጽሐፍ ከአዲስ አበባ በሰው እስኪላክ መጠበቅም ያደክማል። ነገር ግን በሕይወት ያለ ደራሲ የደከመበትን ገጽ በገጽ በስልክ ፎቶ አንስቶ ማዳረስ ቀጣዩን መጽሐፍ እንዳይጽፍ ማድረግ ነው። አንድ ቅጂ ለአምስት ሆነን እንግዛ፤ ተራ እንያዝ። ደራሲ ማሞ ውድነህ የተረጎሟቸውን የስለላ መጻሕፍት አባቶቻችን ያነበቡት እኮ እንዲሁ እየተዋዋሱ ነው። አንድ ቅጂ ሽፋኑ እስኪረግፍ ሰፈሩን ይዞር ነበር።

በመጨረሻም ወደ ጠረጴዛው። ሁላችሁም አንድ አንድ መጽሐፍ በጋዜጣ ጠቅልላችሁ እንድታመጡ ጠይቀን ነበር። ርዕሱ አይታይም። ላዩ ላይ ለማን እንደሚሆን ሦስት መስመር ጽፋችኋል። መስመሩን አንብባችሁ "ይኼ የኔ ነው" ያላችሁትን ታነሳላችሁ። እቤት ሳትደርሱ ጋዜጣው አይቀደድም። ከሐረር የመጣችሁ ቅድሚያ አላችሁ፤ ሳይመሽ ደንገጎን መውጣት አለባችሁ። በሉ፣ ተነሱ።