የእህታችን ሪያል

ሰላም ናችሁ? አብሽሩልኝ። ዛሬም ከደሴ ነው የማወራችሁ። ወሬዬ ስለ ገንዘብ ነው፤ ከሳውዲ፣ ከኩዌት፣ ከቤሩት ስለሚላክልን ገንዘብ።

ወሎ ውስጥ ዓረብ አገር ሰው የሌለው ቤተሰብ ማግኘት ይከብዳል። ከባቲ፣ ከሐርቡ፣ ከከሚሴ፣ ከመርሳ ስንት ሴት ልጅ ሄደች! ባዶ እጇን ስትመለስ ደግሞ ወሬው አንድ ነው፤ «ምነው ትንሽ እንኳ ብታጠራቅም?» ይባላል። እኔ መጠየቅ ያለበት ተቀባዩ ነው ባይ ነኝ።

እሷማ ቆጥባለች። ሰው ቤት ሌት ተቀን ሠርታ፣ ለራሷ ልብስ ሳይቀር ሰስታ ነው የላከችው። ብሩ እኛ ጋ ሲደርስ ሶፋ ይሆናል፣ አዲስ ስልክ ይሆናል፣ ድግስ ይሆናል፣ ጫት ይሆናል። ጉልበት ያለው ወንድሟ ሥራ መፈለጉን ትቶ ሐዋላ ይጠብቃል። ይሄ ነገር በጣም ያመኛል። በእሷ ላብ ላይ ተኝቶ «አላህ ካለ ያልፍልናል» ማለት ተስፋ አይባልም።

ሐዋላው ደግሞ ድንገት ይቆማል። ከኅዳር 2006 ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳውዲ ተመልሰዋል። ያኔ «የላክሁት የታለ?» ብላ መልስ ያጣች ብዙ ናት።

ታዲያ እኛ መቆጠብ አንችልም? እንችላለን። የቅሬ፣ ያው የእድር፣ መዋጮ ስንከፍል ወር አንዘልም፤ የእቁብ ዕጣ የወጣለትም እስከ መጨረሻው ይጥላል። ያው ጥንቃቄ ለእሷ ብርም ይሁና። በስሟ አካውንት ይከፈት፤ በወንድሟ ስም አይሁን። ገንዘቡ በገባበት ዕለት የቤት ወጪው ይቀነስ፣ የቀረው አይነካ። ወለድ ስለማንበላ ብለን ብር ሳጥን ውስጥ የምናስቀምጥም ካለን፣ ባንኮቹ ከወለድ ነጻ አገልግሎት አላቸው።

ብር ብቻውን ተቀምጦ ግን አይበቃም። በሐምሌ 2016 የምንዛሪው ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ስለዚህ ከተጠራቀመው ላይ የሚሠራ ነገር ይገዛ፤ የሚደልብ በግ፣ የልብስ ስፌት መኪና። እዚህ ላይ ነው የወንድምየው ጉልበት የሚፈለገው። እሷ ብሩን አምጥታለች፤ እሱ ሥራውን ያምጣ።

ድሃ ሁሉ ሰነፍ ነው እያልሁ አይደለም፤ እንዲህ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ እቆጣለሁ። በ1977 ወሎ ላይ ያለቀውን ሕዝብ ስንፍና አልፈጀውም። በ2014 ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ሱቃቸው የተዘረፈባቸው ሰዎች ማልደው የሚከፍቱ፣ አምሽተው የሚዘጉ ነበሩ። ጦርነትና ድርቅ ከአቅማችን በላይ ነው። ተልኮልን በእጃችን የገባው ብር ግን በእኛ ላይ ያለ አማና፣ አደራ ነው።

እና የምታዳምጡኝ ወንድሞችና እናቶች፣ ስትደውል «መቼ ነው የምትልኪው?» አትበሏት። መጀመሪያ ሒሳቧን ንገሯት፤ እስካሁን ይሄን ያህል ልከሻል፣ ይሄን ያህሉ ወጥቷል፣ የቀረው እዚህ ነው ያለው በሏት። ደረሰኙንም ፎቶ አንስታችሁ ላኩላት።